ለስድቡ መልስ መስጠት የልጁ ሥራ አይደለም

ቡካዮ ሳካ ለአራት ቀናት ዝም አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2021 ምሽት በዌምብሌይ ስታዲየም እንግሊዝና ጣሊያን 1 ለ 1 ተለያይተው የአውሮፓ ዋንጫ በመለያ ምት ሊወሰን ሲል፣ የእንግሊዝን አምስተኛ ምት እንዲመታ የተመረጠው እሱ ነበር። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ከእሱ በፊት ማርከስ ራሽፎርድ የመታው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ ተመልሷል፤ የጄደን ሳንቾን ምት ጂያንሉዊጂ ዶናሩማ አድኖታል። የጣሊያኑ ጆርጂኒሆ ስለሳተ ሳካ ቢያገባ ምቱ ይቀጥል ነበር። ዶናሩማ ይህንንም አዳነ። እንግሊዝ 55 ዓመት ጠብቃ የደረሰችበት የትልቅ ውድድር ፍጻሜ በዚህ አበቃ።

ሦስቱም ተጫዋቾች ጥቁር ናቸው። ሕዝቡ ከስታዲየም ወጥቶ ሳያልቅ የኢንስታግራምና የትዊተር ገጾቻቸው በዝንጀሮ ምስልና በዘር ስድብ ተሞሉ። ሳካ በአራተኛው ቀን መልስ ሲጽፍ ዋንጫውን ባለማምጣታቸው ይቅርታ ጠየቀ፣ ቡድኑን እንዳሳዘነ እንደሚሰማው ገለጸ፣ የደገፉትን ሰዎች አመሰገነ። ከዚያ ንግግሩን ወደ ኩባንያዎቹ አዞረ። ኢንስታግራምን፣ ትዊተርንና ፌስቡክን በስም ጠርቶ፣ እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ በዚያ ሳምንት የደረሳቸው ዓይነት መልእክት ለማንም ልጅም ሆነ አዋቂ እንዲደርስ እንደማይፈልግ ነገራቸው። ኳሱ እንደዳነበት ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሚከተለው ወዲያው ማወቁን፣ እነሱም ይህን ለማስቆም በቂ ሥራ እንዳልሠሩ ጻፈ።

በዚህ መልስ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ተሰዳቢው ለተሳዳቢዎቹ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ያናገረው ስድቡ የሚያልፍበትን መንገድ በባለቤትነት የያዙትን ነው። ደግሞም ሳይመታ በፊት፣ ገና ኳሷን ይዞ ወደ ነጥቡ ሲራመድ ጀምሮ፣ ቢስት የሚጠብቀውን የሚያውቅ ጥቁር ወጣት እንደነበር ከጽሑፉ መረዳት ይቻላል። ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜያችን ፈተና መውደቅ ነበር የሚያስፈራን።

ራሽፎርድ ከእሱ ቀድሞ የጻፈው መልስ ሌላ መስመር አስምሯል። የ23 ዓመቱ አጥቂ ስለ ጨዋታው የሚሰነዘርበትን ትችት ቀኑን ሙሉ እንደሚቀበል፣ ምቱ መግባት እንደነበረበት፣ ስለ ማንነቱና ስላደገበት ሰፈር ግን ፈጽሞ ይቅርታ እንደማይጠይቅ አስታወቀ። በማንችስተር ዊዚንግተን ሰፈር ግድግዳ ላይ የተሳለው ትልቅ ምስሉ በፍጻሜው ሌሊት ተበላሽቶ አደረ። ፖሊስ በኋላ ግድግዳው ላይ የተጻፈው የዘር ይዘት ያለው እንዳልነበር ቢገልጽም፣ የሰፈሩ ሰው ያን ጊዜ ማጣሪያ አልጠበቀም። ልጆች በእጃቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች፣ የወረቀት ልቦችን፣ ባንዲራዎችንና አበባዎችን አምጥተው የተበላሸውን ቦታ ሸፈኑት። ሳካም ወደ አርሰናል የልምምድ ማዕከል ሲመለስ ከደጋፊዎች በመጡ ደብዳቤዎች የተሞላ ግድግዳ ጠበቀው።

ይህ ሁሉ የሚያጽናና ነው፤ እኔም ያን ጊዜ ተጽናንቻለሁ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ስለ ወጣት ተጫዋቾችና ስለ ማህበራዊ ሚዲያ የምንነጋገርበት መንገድ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። «እንዴት ያለ መልስ ሰጠ!» ማለት ለመድን። ልጁ ሲሰደብ መግለጫውን እንጠብቃለን፤ ሲጽፍ ብስለቱን እናደንቃለን፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ሲያገባ «አፋቸውን ዘጋ» እንላለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሸክሙን የተሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የተሰደበው። ስለዚህ ጥያቄው ወጣቱ ለስድብ እንዴት ይመልስ የሚለው ሊሆን አይገባም። የመመለሱ ሥራ ለምን ለእሱ ተሰጠ ነው መባል ያለበት።

የሳካን ታሪክ መጨረሻ ሁሉም ይወደዋል። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ላይ በስታምፎርድ ብሪጅ ቼልሲ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደግሞ ዱሰልዶርፍ ላይ ከስዊዘርላንድ ጋር ሲጫወቱ እንግሊዝን አቻ ያደረገችውን ግብ አስቆጠረ፤ ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሲሄድም ኳሷን አንሥቶ መታ፣ አገባ። እንባ የሚያስመጣ ታሪክ ነው። ነገር ግን በዚያ የ2024 ውድድር ላይ ራሽፎርድም ሳንቾም አልነበሩም፤ ሁለቱም በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ አልተካተቱም። በ2021 አብረው ከሳቱት ሦስት ልጆች መካከል በዚያው መድረክ ዳግም የመምታት ዕድል ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። «ሥራህ ይመልስላቸው» የሚለው ምክር የሚሠራው ሥራው እጁ ላይ ላለ ሰው ነው። አሰልጣኝ ያላሰለፈው፣ የተጎዳ፣ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች በምን ይመልስ?

የእግር ኳስ ሙያ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ተመልካቹ በቀላሉ ይረሳል፤ የሚያየው በስክሪኑ ላይ የቀሩትን ነውና። በእንግሊዝ አንድ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ለፕሮፌሽናል ክለብ አካዳሚ መፈረም ይችላል። ሳካ አርሰናልን የተቀላቀለው ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ዓመቱ ማጣሪያ አለ፤ በ16 ዓመት ትልቁ፣ በ18 ዓመት ደግሞ የመጨረሻው። ልጅነታቸውን በሙሉ በክለቡ ቱታ ያሳለፉ ልጆች አንድ ቀን ቢሮ ይጠሩና ውል እንደማይሰጣቸው ይነገራቸዋል። ትምህርታቸው ተበጥሷል፣ የሰፈር ጓደኞቻቸው ርቀዋል፣ ቤተሰቡም ተስፋውን እነሱ ላይ አድርጓል። ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ከአካዳሚው የሚሰናበቱ ወጣቶችን ለሦስት ዓመት የሚከታተል ፕሮግራም ሲያቋቁም በሰፊው ተወርቶለት ነበር። መወራቱ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ያልተለመደ እንደነበር ይናገራል።

ማጣሪያውን ያለፉትም ቢሆኑ ሜዳው ላይ የሚጠብቃቸውን አያውቁም። አንሱ ፋቲ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2019 ባርሴሎና ከኦሳሱና ጋር ሲጫወት ሲያገባ ገና 16 ዓመት ከ304 ቀኑ ነበር፤ በክለቡ የላሊጋ ታሪክ ያን ጊዜ ከእሱ ያነሰ ግብ አግቢ አልነበረም። በኖቬምበር 2020 ከቤቲስ ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ቀዶ ጥገናው አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ ከአሥር ወር በላይ ከሜዳ ራቀ። ሲመለስ ክለቡ ሊዮኔል ሜሲ ትቶት የሄደውን 10 ቁጥር ማልያ አለበሰው። የ18 ዓመት ልጅ፣ ገና ያልጠና ጉልበት፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የሜሲ ቁጥር። ከዚያ ሌላ ጉዳት መጣ፤ ከዚያ ለብራይተን በውሰት ሄደ፤ በ2025 ወደ ሞናኮ አመራ። ማልያው በዚያው በጋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ለላሚን ያማል። በእነዚያ ዓመታት ፋቲን «አለቀለት» እያለ የጻፈው ሰው ስንት እንደሆነ የሚቆጥር የለም። ጉልበቱ ውስጥ ያለውን ሕመም ግን ከጻፉት አንዱም አላወቀውም።

ከዚህም የከፋ አለ። የአያክሱ አብደልሐቅ ኑሪ በጁላይ 2017 ኦስትሪያ ውስጥ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ልቡ ሲያቆም 20 ዓመቱ ነበር። ሕይወቱ ተረፈ፤ አእምሮው ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ዘላቂ ሆነ። ክለቡ ሜዳ ላይ የተሰጠው የሕክምና እርዳታ በቂ እንዳልነበር በ2018 አመነ፤ በ2022 ደግሞ ለቤተሰቡ 7.85 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ ልቡ ቆሞ የወደቀው ሳካ ምቱን ከመሳቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ነው። ያን ቀን ዓለም በሙሉ በኢንስታግራምና በትዊተር ጸሎቱን ጻፈ። በአንድ ወር ልዩነት፣ በተመሳሳይ ገጾች ላይ፣ ምናልባትም በተመሳሳይ እጆች የዝንጀሮ ምስል ተላከ። ተጫዋቹ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ሜዳ ላይ ሊሞት ሲቃረብ ብቻ ማየት አለብን ማለት ነው?

«ሚሊዮን ይከፈላቸው የለ፣ ይቻሉት» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኙት በጣም ጥቂት መሆናቸውን እንተወውና፣ ገንዘቡ የሚከፈላቸው ለመጫወት ነው። ደካማ ጨዋታ ሲጫወቱ መተቸት የሥራው አካል ነው፤ ራሽፎርድም ይህንን አልካደም። በዘራቸው፣ በእናታቸው፣ በሕይወታቸው ላይ የሚወርደውን እንዲሸከሙ ግን ማንም ውል አላስፈረማቸውም።

ስለ ብዛቱ የምናውቀው አለ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ጥናት በዩሮ 2020 (ሳካ በሳተበት የአውሮፓ ዋንጫ) እና በ2021 የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ምዕራፎች ላይ ከ400 ሺህ በላይ ጽሑፎች ተመርምረዋል። ከተጫወቱት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ዓይነት የሚያንቋሽሽ መልእክት ደርሷቸዋል፤ ብዙው ደግሞ የመጣው ከራሳቸው አገር ሰዎች ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከቁጥሩ ይበልጥ ይከብዳል። ተጫዋቹን አንገቱን የሚያስደፋው የባላንጣ ቡድን ደጋፊ አይደለም፤ ትናንት ስሙን እየጠራ የዘፈነለት ወገኑ ነው።

ከዌምብሌይ በኋላ የእንግሊዝ ፖሊስ 207 ጽሑፎች ወንጀል ሆነው እንዳገኛቸው ገለጸ፤ ከተለዩት አካውንቶች 34ቱ ከብሪታንያ ውስጥ፣ 123ቱ ከውጭ አገር ነበሩ። በመጀመሪያው ወር 11 ሰዎች ተያዙ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ስድቡ የመጣው ከውጭ ነው» ብሎ ተነፈሰ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ትዊተር የራሱን ምርመራ ሲያወጣ ግን በእሱ መድረክ ላይ ከየትኛውም አገር ይልቅ ስድቡ የበዛው ከዚያው ከብሪታንያ መሆኑን፣ ከታገዱት አካውንቶች ባለቤቶች 99 በመቶው ማንነታቸው ሊታወቅ የሚችል እንደነበር አስታወቀ። ስለዚህ «ስም የለሽ ስለሆኑ ምን ይደረግ» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ኩባንያው ማንነታቸውን ማወቅ ይችል ነበር። ስድቡ የሰው ስልክ ላይ ከመድረሱ በፊት ማጣራትም ይችል ነበር፤ የዝንጀሮ ምስል ከጥቁር ተጫዋች ፎቶ ሥር ሲለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የተለየ ጥበብ አይጠይቅም።

ኩባንያዎቹ ሳይነገራቸው ቀርቶ አይደለም። የቀድሞው የፈረንሳይ አጥቂ ቲዬሪ ሄንሪ በማርች 2021 የማህበራዊ ሚዲያ ገጾቹን ዘግቶ ሲወጣ ምክንያቱን በግልጽ ጽፎ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ደግሞ ከኤፕሪል 30 እስከ ሜይ 3 ድረስ ክለቦችን፣ ሊጎችንና ተጫዋቾችን ይዞ ከማህበራዊ ሚዲያ በአንድነት ዝም አለ። የዌምብሌይ ምሽት የመጣው ከዚያ አሥር ሳምንት በኋላ ነው። ሳካ ለኩባንያዎቹ የጻፈው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ትልልቆቹ ቀድመው የተናገሩትን ነው የደገመው።

የአዲሱ ትውልድ ልጆች ዝም ማለትን አይወዱም፤ ስልክ ይዘው ነው ያደጉት። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ስፔን በግማሽ ፍጻሜ ከፈረንሳይ ጋር ከመጫወቷ በፊት የፈረንሳዩ አድሪያን ራቢዮ ላሚን ያማል ፍጻሜ መድረስ ከፈለገ እስካሁን ካሳየው በላይ ማሳየት እንዳለበት ተናገረ። ያማል በኢንስታግራም በዝምታ መጓዝና መናገርም ለመርታት ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ እንደሆነ የሚል አጭር መልእክት ለጠፈ። ከዚያ ከሳጥኑ ውጭ ያንን የማይረሳ ኳስ ወደ ማዕዘኑ ላከ፤ ስፔን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ እሱም በ16 ዓመቱ የአውሮፓ ዋንጫ ታሪክ ትንሹ ግብ አግቢ ሆነ። ዓለም አጨበጨበ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ በአንድ የቀጥታ ስርጭት ላይ ስለ ሪያል ማድሪድ ሲጠየቅ የሚሰርቁና የሚያማርሩ ናቸው የሚል ትርጉም ያለው ነገር አለ። በሁለቱ ክለቦች ግጥሚያ፣ በኤል ክላሲኮው፣ ባርሴሎና 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ጨዋታው እንዳለቀ የማድሪዱ ዳኒ ካርቫሃል ወደ እሱ ሄዶ ብዙ ታወራለህ የሚል ምልክት በእጁ አሳየው። በዚያ ሳምንት የልጁ ስም በየገጹ ሲረገም ሰነበተ።

እዚህ ላይ ያማልን ለመውቀስ አልፈልግም፤ የ18 ዓመት ልጅ ነው የተናገረው። ልብ ልንለው የሚገባው የፍርዱን ሚዛን ነው። አንዱ መልስ ጀግንነት፣ ሌላው ትዕቢት የተባለው ንግግሩ ስለተለየ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ጨዋታ ስላሸነፈ፣ ሁለተኛው ስለተሸነፈ ነው። ክብሩ በውጤት ላይ የተንጠለጠለ ወጣት በየሳምንቱ አዲስ ፍርድ ቤት ይቆማል። እግር ኳስ ደግሞ ማንም ሁልጊዜ የማያሸንፍበት ጨዋታ ነው።

መልስ ሲሰጥ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ የለም አልልም። የሪያል ማድሪዱ ቪኒሲየስ ጁኒየር በሜይ 2023 ቫሌንሲያ ሜስታያ ስታዲየም ውስጥ የዘር ስድብ ሲወርድበት አላለፈውም፤ ሜዳ ላይ ጣቱን ወደ ተሳዳቢዎቹ ቀሰረ፣ ከጨዋታው በኋላም ላሊጋን በስም ጠርቶ በማህበራዊ ሚዲያ ወቀሰ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሐቪየር ቴባስ በዚያው መድረክ ተከራከሩት። ከአንድ ዓመት በኋላ የስፔን ፍርድ ቤት ሦስት ደጋፊዎችን በስምንት ወር እስራት ቀጣ፤ በአገሪቱ በስታዲየም ውስጥ ለተፈጸመ የዘር ስድብ የተሰጠ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፍርድ ነበር። ቪኒሲየስ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ፍርድ መምጣቱን እጠራጠራለሁ። ያም ሆኖ የ22 ዓመቱ ተጫዋች የከፈለውን ዋጋ አንርሳ፤ ከዚያ ወዲህ በሄደበት ስታዲየም ሁሉ እሱን ማናደድ የተቃራኒ ደጋፊዎች ግብ ሆነ።

የእንግሊዟ ተከላካይ ጄስ ካርተር የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ። በጁላይ 2025 በሴቶች የአውሮፓ ዋንጫ መካከል፣ ከውድድሩ መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ የዘር ስድብ እየደረሰባት እንደሆነ ገለጸች። ማንም ስለ ጨዋታዋ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው፣ መልክን ወይም ዘርን መስደብ ግን ትክክል እንዳልሆነ ጽፋ፣ ከማህበራዊ ሚዲያ እንደምትርቅና ጉዳዩን ለቡድኗ ሰዎች እንደምትተው አስታወቀች። ከዚያ ሥራው ከእሷ እጅ ወጣ። የእግር ኳስ ማህበሩ ጉዳዩን ወደ ፖሊስ ወሰደው። በኦገስት የ59 ዓመት ሰው ተያዘ። ዕድሜውን ልብ በሉ፤ «የዛሬ ልጆች ሥርዓት የላቸውም» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። ካርተር ባዝል ላይ በፍጻሜው ከመጀመሪያ ደቂቃ ጀምራ ተሰለፈች፤ እንግሊዝ ስፔንን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ልዩነቱ ዋንጫው አይደለም። ተጫዋቿ ኳሷን ስትጫወት ሌላ አካል ስድቡን ተረክቦ ሠራበት፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

ስድቡ ከየት እንደሚነሣ ስንነጋገር ስለ ውርርድ ዝም ማለት አይቻልም። በሴቶች ቴኒስ ማህበርና በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የ2024 ክትትል መሠረት በተጫዋቾች ላይ ከተገኘው ስድብ 40 በመቶ ያህሉ የተላከው ገንዘባቸውን ከተበሉ ተወራራጆች ነው። በእግር ኳስ ነገሩ ከዚህ የቀለለ ነው ብሎ ለማሰብ ምክንያት አይታየኝም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከ2026/27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የአወራራጅ ድርጅቶችን ስም ከማልያቸው ደረት ላይ ለማንሣት የተስማሙት በ2023 ነው። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ ደረቱ ላይ የአወራራጁን ስም ለጥፎ ይሮጣል፤ ግብ ሲስት ደግሞ በዚያው ድርጅት ቲኬት የቆረጠው ሰው ይሰድበዋል።

ይህን ለመረዳት ለንደን መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ከፊት ባሉት ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት ልጆች የግማሾቹ እጅ ላይ ቲኬት አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጨዋታ ባለቀ ቁጥር በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጉበታል። በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ተጫዋች ኳሱን ወደ ላይ ሲልከው «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ስልክ ይወጣል። የተጫዋቹ የኢንስታግራም ገጽ ይከፈታል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚጻፈው ይጻፋል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። የምሳ ገንዘቡን አስይዞ ነበር፤ የተጫዋቹ እግር የእሱን ቀን እንደወሰነው ይሰማዋል። ስልኩ ደግሞ ከተጫዋቹ ጋር የሚያገናኘው በአንድ ጠቅታ ነው። ይህን ሰንሰለት የሠሩት ልጁም ተጫዋቹም አይደሉም።

የራሳችን ተጫዋቾችስ? የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2020/21 ጀምሮ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ሲጀምር ለእግር ኳሳችን ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግቦችን አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የአንድ የውድድር ዘመን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ አገር በሙሉ መረቀው። ከዚያ ጉዳት መጣ፣ ለረጅም ጊዜም ከሜዳ አራቀው። ከኢትዮጵያ ሊግ ወጥቶ በአፍሪካ ትልቅ ክለብ ውስጥ ቦታ ለማግኘት የሚታገል ተጫዋች፣ ሲጎዳ የሚያጣው ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ መገመት አይከብድም። ከኋላው ያሉት ወጣቶች ዕድልም አብሮ ይጠባል፤ የውጭ ክለቦች ኢትዮጵያዊ ለማስፈረም የሚደፍሩት አንዱ ሲሳካለት ነውና።

አገር ውስጥ የቀሩት ተጫዋቾች ኑሮ ደግሞ ሌላ ነው። ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው ቆይተው ጉዳያቸው ወደ ፌዴሬሽን ሲሄድ መስማት የተለመደ ዜና ሆኗል። ጉልበቱ የተጎዳ ወጣት ለቀዶ ጥገና ወጪ ክለቡን ሲለምን፣ ክለቡም ውሉ እስኪያልቅ ሲጠብቅ የምናውቀው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሜዳ ላይ አንድ ኳስ ሲያመልጠው ቪዲዮው ተቆርጦ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። ከሥሩ «ጫማህን ስቀል» የሚለው ከሁሉም ለስላሳው ነው። ከዚያ ወደ ብሔሩ፣ ወደ ትውልድ አካባቢው፣ ወደ ቤተሰቡ ይኬዳል። በእኛ ሁኔታ ይህ ከሁሉም አስፈሪው ነው፤ በክለቦች ስምና በተጫዋቾች ስም ጀርባ ብሔር ፈልጎ መስደብ ከስታዲየም ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስታዲየም ይመላለሳል፤ ሁለቱም ቦታ ጉዳት አድርሷል።

ሳካ ሲሰደብ የአርሰናል ክለብ ነበረው፣ ጠበቃና የሚያነጋግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ይችል ነበር፣ የፖሊስ ክፍል ነበረው፤ በ2023 ብሪታንያ ያወጣችው የኦንላይን ደህንነት ሕግም በኩባንያዎቹ ላይ ግዴታ ጥሏል። እዚህ ያለው ልጅ ያለው ስልኩና እናቱ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2020 የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አውጥታለች። ያ ሕግ ስለ ተጫዋች ጥቃት ሲነገር ግን ማንም አያነሣውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክለቦቻችን ለአንድ የውጭ ተጫዋች ከሚያወጡት ገንዘብ ቆርሰው ወጣቶቻቸውን የሚያማክር አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና የተጫዋቾቹን ገጾች የሚከታተል አንድ ሰው ይቅጠሩ። ስድቡን ልጁ ማንበብ የለበትም፤ ያ ሰው ያንብበው፣ ያጥፋው፣ ወንጀል የሆነውን ወደ ሕግ ይውሰደው። ፌዴሬሽኑና የተጫዋቾች ማህበር የጉዳት ሕክምናን በውል ውስጥ በግልጽ ያስገቡ። የአወራራጅ ድርጅቶችን የሚፈቅደው መንግሥት ተጫዋቾች የሚደርስባቸውን ስድብ የፈቃድ ሁኔታው አካል ያድርገው።

የስፖርት ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች አድሚኖች ደግሞ ይህን ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። ስለ ጨዋታው የተጻፈውን ትችት ተዉት፤ ምን ያህል ቢያምም ይኑር። ብሔር፣ ቆዳ ወይም እናት የተጠራበትን ኮሜንት ግን አጥፉት፤ ጸሐፊውንም ከገጹ አስወጡት። ብዙ ሺህ ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ በተለጠፈ ስድብ የሚጠየቀው የጻፈው ሰው ብቻ አይደለም፤ እያየ ያቆየውም አድሚን ይጠየቅበታል።